ያለ ወቅቷ ዕቃ የቀየረችው ወይራ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ጎረቤቴ መምህርቷ አንዲት የደከመች ድንክ ጽድ በሳህን አቅፋ መጣች። ወሩ ኅዳር ነው። አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዛፍ ነቅሎ፣ ሥሩን አጥቦና ቆርጦ ሌላ ዕቃ ውስጥ ሲተክል ከስልኳ ላይ አይታ እሷም እንደዚያው አድርጋለች። «እትዬ አልማዝ፣ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። እኔ ከዛፏ በፊት የሴትዮዋን ፊት አየሁ።

«ከተከልሻት በኋላ ስንት ጊዜ ነካካሻት?»

«ኧረ እኔ አልነካኋትም!» አለች፣ ቶሎ ብላ። ቶሎ የሚመልስ ሰው አላምንም።

ምን ላድርግ፣ ጠባዬ ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «አንቺ እኮ ቄሱ ሲባርኩሽ እንኳ እጃቸውን ታያለሽ» ይለኝ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የሚባለው ለኔ የተነገረ ይመስለኛል። በሥራዬ ይህ ጠባይ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። የዘር ከረጢት ሳልፈታ ፈርሜ አላውቅም፤ «የጽድ ዘር» ተብሎ አሸዋ የተሞላ ከረጢት የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ግን ይኸው ጠባይ የአንድ ደግ ሰው ስም አጥፍቷል። ያንን ሳልናገር ስለ ሥራ ዘመኔ ባወራ ውሸት ይሆንብኛል።

የተወለድኩት ጭሮ ነው፤ ያኔ ሁላችንም አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ችግኝ ጣቢያ የገባሁት በቀን ሠራተኝነት ነው፤ ሥራዬ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አፈር መሙላት ነበር። የቋሚነቱ ደብዳቤ የመጣው ጣቶቼ ከተሰነጣጠቁ በኋላ ነው። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻላል፤ እሱም ስለኔ ብዙ አልተናገረም። አለቆች ብዙ አየሁ፤ አብዛኞቹ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ፣ ሻንጣቸውን ሙሉ በሙሉ ሳይፈቱ ዝውውር የሚጠይቁ ነበሩ። አንዱ ችግኝ እንደ ወታደር በሰልፍ ካልቆመ አይወድም። አንዱ ፊርማ ይፈራል፤ ወረቀት ስንወስድለት እስክሪብቶው ይጠፋበታል። ሦስተኛው እንግዳ ይወዳል። የኔ ታሪክ ከዚህ ከሦስተኛው ጋር የተያያዘ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አለቆቹ አይደሉም። ኦቦ ሙሜ ናቸው፤ የጣቢያው ፎርማን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሽርጣቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። አማርኛን የተማሩት ከመሥሪያ ቤት ነው፤ ሲቸግራቸው ኦሮምኛ ያስገቡበታል። ጥያቄ ሲጠየቁ ሁለት ጊዜ ያልሰሙ ይመስላሉ፤ በሦስተኛው ይመልሳሉ። እኔም «እውቀት የሚደብቁ ሰው ናቸው» ብዬ ዐይኔን ከእጃቸው ሳልነቅል ስጠብቃቸው ኖርኩ። ዛሬ ሳስበው የተማርኩት በዚሁ ነው፤ እሳቸው የደበቁት ነገር ግን አልነበረም።

አፈር ሲመረምሩ በጣት አይደለም፣ በእጃቸው ጀርባ ነው። «ጣት ሥራ ለምዷል፣ ይዋሻል» ይሉ ነበር። ዕቃውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሮ ይሰጣሉ፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ውሃ ጎድሎታል ማለት ነው። ሥር ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ለሶላት እንደሚታጠቡት ይታጠባሉ። ተክለው ሲጨርሱ አፈሩን በሁለት አውራ ጣት ከግንዱ ወደ ውጭ ጫን፣ ጫን ያደርጋሉ። ይህን እኔንም አስተማሩኝ፤ ከእኔ ሌላ የቀጠለው አልነበረም፣ ሌሎቹ በመዳፍ መታ አድርገው ይሄዳሉ።

ከጣቢያው ጓሮ የራሳቸው ደስታ ነበር። በተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ፣ በተሰበረ ሸክላ ውስጥ ዓመታት የኖሩ ድንክ ዛፎች፤ ጽድ፣ ዋርካ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ወይራ። ቁመቷ ከክንድ አይበልጥም፣ ግንዷ ግን እንደ ሽማግሌ ጉልበት የተቋጠረ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፎርማን ተክለዋት ለእሳቸው አስረክበዋታል። ኤጀርሳ ብለው በኦሮምኛ ይጠሯታል። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አይቷት «ይህ እኮ ቦንሳይ ነው፣ ከተማ ውስጥ በውድ ይሸጣል» ካለ ወዲህ ግን መከራዋ ጀመረ። ንብረት ክፍል ሰምቶ መዘገባት። ቁጥሯን በነጭ ቀለም ቆርቆሮው ላይ ጻፉ፤ ወይራዋ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ የመንግሥት ንብረት ሆነች።

የዛፍ ዕቃ የሚቀየርበት ጊዜ አለው። እኛ ጋ ወይ በልግ ሲገባ፣ ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር ነው፤ ወይ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲረጋ። ጥር ላይ ጭሮ ቀን ፀሐይ ናት፣ ነፋስ ናት፣ ሌሊት ደግሞ አጥንት ትነካለች። ሥር ከተነካ አያገግምም። ባለ እንግዳው አለቃችን ግን ሊጎበኙን የሚመጡ ሰዎች ነበሩበት። የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ሸክላ አስመጥቶ «ወይራዋ በዚህ ትቀመጥ» አለ። ወሩ ጥር ነው።

«ላኪ!» አሉ ኦቦ ሙሜ በኦሮምኛ፤ «አይሆንም።» «ጊዜዋ አይደለም። ሰኔ እናደርጋለን።»

«ሰኔ እንግዳ የለም» አለ አለቃው።

ቆርቆሮውንም አየነው፤ ታቹ ዝጎ ተበልቷል፣ ውሃ አይዝም። ኦቦ ሙሜ ይህን አይተው «እንግዲያ በኔ መንገድ ነው የማደርገው። ማንም አይገባም» አሉ። አለቃው እሺ አለ። እኔ ግን «ማንም አይገባም» የምትለዋን ቃል ያዝኳት።

ያለ ወቅቱ ዕቃ መቀየር እንዴት እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሥር አልቆረጡም፣ አላጠቡም፣ አፈሯን አላራገፉም። ቆርቆሮውን በመቀስ ቀደው አፈሩን እንዳለ እንደ ዳቦ አወጡት። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው በሁለት ጣት ብቻ የሚሰፋ ነበር፤ «ቤት ሲሰፋባት ትፈራለች» አሉ። ዙሪያውን በአሮጌው አፈርና በደቃቅ ጠጠር ድብልቅ ሞሉት። ፍግ የሚባል አልቀረበም። ግንዷን ከዕቃው ጋር በቃጫ አሰሩት፤ ነፋስ ቢያወዛውዛት አዲስ የሚወጣው ሥር ይበጠሳል። ከላይ ውሃ አላፈሰሱም፤ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው አረፋው እስኪያበቃ ከሥር አጠጧት። ከዚያ እርጥብ ኮባ አምጥተው ዕቃውን ዙሪያውን ጠቀለሉት፤ ገበያ ያሉት ሴቶች ጫት እንደሚያሽጉት።

«ጫት ተቆርጦ እንኳ በኮባ ሳይጠወልግ ሩቅ አገር ይደርሳል» አሉኝ። «ይቺ ሥር አላት። ለምን ትጠወልጋለች?»

ከመጋዘኑ ጀርባ በተጠለለች ክፍል አስገቧት፣ በሩ ላይ ጆንያ ጋረዱ። «አሁን አራስ ናት። አርባ ቀን ማንም አያያት፣ ማንም አይነካት። አንቺም አትግቢ።» ለእንግዶቹ ከኮባው በላይ የቀረው የሰማያዊው ሸክላ ጠርዝ ብቻ ከሩቅ በጆንያው ክፍተት ታየ። አለቃው ተበሳጨ፤ እንግዶቹ ግን ስለ ወይራዋ አልጠየቁም፣ ምሳ የት እንደሆነ ነው የጠየቁት።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ንብረት ክፍል ቁጥሩ የተጻፈበትን የተቀደደ ቆርቆሮ መጋዘን ከትቶ ቆለፈበት፤ ዛፏ ያለ ቁጥር ቀረች። በመሥሪያ ቤቱም ወሬ ተነሣ፤ «ሽማግሌው እውነተኛዋን ሸጠው ሌላ ተክለው ይሆናል፣ ለምን ይጋርዷታል?» ተባለ። ወሬውን ማን እንደጀመረ አላውቅም። እኔ አልጀመርኩትም፤ ግን ሲነገር ጆሮዬን አላራቅኩም። ኦቦ ሙሜ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ብቻቸውን ጆንያውን ገልጠው ይገባሉ፣ ጥቂት ቆይተው ይወጣሉ። ለምን በምሳ ሰዓት? ለምን ብቻቸውን? ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ አደግኩ።

ወይራዋ ከአፈር በታች የድሮ የሽቦ ጠባሳ እንዳላት አውቃለሁ፤ ከዓመታት በፊት በልግ ላይ አብረን ዕቃ ስንቀይርላት አይቼዋለሁ። ስለዚህ አርብ ቀን ኦቦ ሙሜ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄዱ ገባሁ። ኮባውን ገለጥኩ፣ ቃጫውን አላላሁ፣ በጣቴ አፈሩን ቆፈርኩ። ጠባሳው አለ። እሷው ናት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አፈሩን መልሼ ወጣሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን አንድ ሐሳብ ጆሮዬ ሥር ጮኸ፦ ጠባሳ በቢላዋም ይሠራል። በሁለተኛው አርብ ገብቼ ጠባሳው ትኩስ መሆን አለመሆኑን ለማየት ጠለቅ አድርጌ ቆፈርኩ። አሮጌ ነው። በሦስተኛው አርብ ደግሞ በሌላኛው ጎን ያለውን ሥር ለማየት ግንዷን ይዤ ትንሽ ቀና አደረግኳት። ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር ሲበጠስ አየሁ። የሸረሪት ድር ነው ብዬ ጠረግኩት።

ከዚያ በኋላ ቅጠሎቿ ግራጫ ሆኑ፣ ተጠቀለሉ፣ ሲነኳቸው መርገፍ ጀመሩ። አርባው ቀን ሳይሞላ ወይራዋ ደረቀች። ኦቦ ሙሜ በደረቀችው ዛፍ ፊት ቁጢጥ ብለው ብዙ ቆዩ፤ አፈሩን አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ምንም አላሉም። እኔ ደግሞ ያ ዝምታ የጥፋተኛ ዝምታ መሰለኝ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ተጠራሁ። «ፎርማኑ ብቻቸውን ሲገቡ አይተሻል?» አሉኝ። አይቻለሁ አልኩ። «ሌላ ሰው ሲገባ አይተሻል?» አላየሁም አልኩ። ራሴን ማየት አልችልም ብዬ በልቤ ተሟገትኩ። የምናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ሰው በእውነት ብቻ ይህን ያህል መዋሸት እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ። ኦቦ ሙሜን ሲጠይቋቸው በሦስተኛው ጊዜ «ጠባቂዋ እኔ ነኝ። በኔ እጅ ሞተች» አሉ። የደመወዝ ቅጣት ተጻፈባቸው፣ አሰቦት ወደሚገኘው የቆላ ጣቢያ ተዛወሩ። የእሳቸው ቦታ ለእኔ ተሰጠ። ከተማው ውስጥ «ዛፍ ሻጩ» የሚል ስም ከኋላቸው ቀረ፤ የደረቀችው ራሷ አይደለችም፣ ሌላ ናት ተባለ።

በቀጣዩ ዓመት፣ እንደገና ጥር ላይ፣ የአንዲት ድንክ ዋርካ ሸክላ በውርጭ ተሰነጠቀ። ኦቦ ሙሜ ያደረጉትን አንድ በአንድ አደረግሁ። በተከልኳት ማግስት ለችግኝ ማፍላት ዘመቻ መሰላ ወረዳ እንድሄድ ታዘዝኩ። ክፍሉን በጆንያ ፋንታ በቁልፍ ዘግቼ ነበር፤ ቁልፉን ለሰው አምኜ መስጠት ቢከብደኝም ለውሃ አጠጪዋ ለወይዘሮ ዘነበች ሰጥቼ፣ «ቅጠሏ ላይ ውሃ እርጪ፣ ከዚያ ውጭ እጅሽ እንዳይነካት» ብዬ በመሐላ አሰርኳት። መሰላ ተቀምጬ እንኳ በየቀኑ እደውላለሁ። «ነካሻት?» «ኧረ እትዬ፣ በስማም!» ስመለስ አርባው ቀን አልፏል። ዋርካዋ በየቅርንጫፏ ጫፍ ቀይ ቡቃያ አውጥታለች። ኮባውን ስገልጠው በአፈሩ ጠርዝ ላይ ነጫጭ፣ እንደ ክር የቀጠኑ አዳዲስ ሥሮች ወጥተዋል።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሸረሪት ድር ብዬ የጠረግኩትን ያን ጊዜ አወቅሁት። ኦቦ ሙሜ በምሳ ሰዓት የሚገቡትም ፀሐይ ስትበረታ ቅጠሏ ላይ ውሃ ሊረጩ እንደነበር ገባኝ። የገደልኳት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ዘነበች «ምን ሆኑ እትዬ፣ ታመሙ እንዴ?» ብላ ሮጣ መጣች። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አሰቦት ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር። በመጨረሻ ወደ አሰቦት ገዳም የሚሄዱ ተሳላሚዎችን በጫነ አውቶቡስ ተሳፍሬ ከገዳሙ በፊት ወረድኩ። ኦቦ ሙሜ በሙቀቱ ውስጥ የግራር ችግኝ ጥላ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሰላምታውን ሳልጨርስ አወጣሁት። «ኦቦ ሙሜ፣ ወይራዋን ያደረቅኳት እኔ ነኝ። እርስዎ መስጊድ ሲሄዱ እገባ ነበር።»

ሥራቸውን አላቆሙም። ሁለተኛ ተናገርኩ። ሦስተኛ ስናገር ቀና አሉ።

«አውቃለሁ። አፈሩ በሁለት አውራ ጣት ተጭኖ ነበር። ያስተማርኩሽን አላውቅም? ደግሞ የተነካችው አርብ አርብ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አልማዝ ናት ብል ማን ያምነኛል? ሽማግሌው በሴት ላይ አላከከ ይላሉ። ደግሞ በሩን መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር።» በጥርሳቸው ይዘውት የነበረውን ሚስማር ከአፋቸው አወጡ። «ደግሞ ተናድጄ ነበር፣ ወላሂ። አንድ ቃል ከተናገርኩ ብዙ እናገራለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ይቅር አልኩሽ አላሉም። እኔም ይህ ሰው ምን አስቦ ነው እንዲህ ረጋ ያለው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ጠባይ በአንድ ቀን አይለቅም። «ሄጄ ለመሥሪያ ቤቱ እናገራለሁ» አልኳቸው። «ተይው አቦ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉ። መልመዳቸውን አላመንኩም። በዚህስ ጥርጣሬዬ አልተሳሳተም።

ጭሮ ላይ ኃላፊው ተቀይሮ በቦታው አንዲት ሴት ተሾመው ነበር። «ዛፉ እኮ ከመዝገብ ተሰርዟል። የሞተ ዛፍ ምን አድርጎሽ ነው ራስሽን የምታስከስሺ?» አሉኝ። ቢሮአቸው በር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ሁለት ደብዳቤ ተጻፈ፤ አንዱ የእኔ ማስጠንቀቂያ፣ ከፎርማንነትም የምነሣበት። ሌላው የኦቦ ሙሜ፣ ጥፋት እንደሌለባቸው የሚመሰክር። የኦቦ ሙሜን በፕላስቲክ ጠቅልዬ እቅፌ ውስጥ አስገብቼ እንደገና አሰቦት ወረድኩ።

ኦቦ ሙሜ ቤታቸው ነበሩ። ደብዳቤውን ተቀብለው ገልብጠው አዩት፤ ወደ ብርሃን አቅንተው ማኅተሙን መረመሩ። «ቁጥር አለው?» አሉ። አለው አልኩ። አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ ወደ ውስጥ ዞረው ተጣሩ፦ «ፋጡማ! ኮቱ! ነይ!»

ሚስታቸው አዴ ፋጡማ ወጡ። እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ፤ ሰላምታዬን በከፊል ነው የመለሱት።

«አንብቢላት» አሉኝ ኦቦ ሙሜ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ከጭሮ ከወጣን ጀምሮ ኤጀርሳዋን ለየትኛዋ ሴት ሰጠሃት ትለኛለች። ልጆቼም እሷን ሰምተው ዝም አሉኝ። እኔ መሐላ ሰለቸኝ።»

ተነሥቼ ቆምኩ። አማርኛውን በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩ፤ ዛፏ አልተሸጠችም፣ ለማንም አልተሰጠችም፣ የደረቀችው በጠባቂዋ ጥፋት አይደለም፣ ተቆፍራ ነው፤ የቆፈረችውም አልማዝ ናት። አዴ ፋጡማ ዐይናቸውን ከወረቀቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ባላቸው አመላለሱ። ያላመኑ ሰው ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ።

«ደብዳቤው ላይ ያለችው ናት» አሉ ኦቦ ሙሜ።

ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ። «ኢራ ዴቢኢ» አሉኝ፤ ድገሚው።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት። ስሜ ያለበት መሥመር ላይ ስደርስ ድምፄ እንዳይቀንስብኝ ተጠንቅቄ፣ ለጎረቤቱ ጭምር እንዲሰማ አድርጌ አነበብኩት።